ቁርጡን ከልጄ አፍ

መነሻ፦ አሰላ

ከአሰላ የተነሳሁት ሰኞ ጠዋት ነው። በሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ የሚበልጠው በሶ፣ ሽሮና የገብስ ቆሎ ነበር። ባለቤቴ አስካለ በመጨረሻው ሰዓት ካልሲዎቼን አውጥታ በቦታቸው ቆሎ ጠቀጠቀችበት። «እዚያ ካልሲ ይሸጣል» አለችኝ። እውነቷን ስለሆነ አልተከራከርኳትም። ደግሞም ያስጨነቀኝ ሻንጣው ሳይሆን በቃል የተሰጠኝ አደራ ነበር።

አደራው እንዲህ ነው። ልጃችን ማህሌት ነርስ ናት። ለሁለት ዓመት ትምህርት ብላ ወደ አሜሪካ ሄደች፤ ይኸው አግብታ ወልዳ ሚኒሶታ ትኖራለች። ስትሄድ «ተምሬ መጥቼ የሕፃናት ክሊኒክ እከፍታለሁ» ብላን ነበርና እኛም አምነን መንገድ ዳር ያለውን ክፍላችንን ቀስ በቀስ አዘጋጀንላት። ነጭ ቀለም ተቀባ፣ የእጅ መታጠቢያ ገባለት፣ የሠፈራችን አናጢ ትንሽዬ የመመርመሪያ አልጋ ሠራልን። ክፍሉ እስከ ዛሬ ባዶውን እንደተቆለፈ ነው። ፀጉር ቤት ልክፈትበት ያለ አለ፣ ሱቅ ላድርገው ያለ አለ። አስካለ ግን ቁልፉን ለማንም አትሰጥም። ማህሌት በየእሑዱ ትደውላለች፤ እኔም ከሰላምታው በኋላ «ታዲያ መቼ ነው የምትመጪው?» እላታለሁ፤ እሷም «እሺ አባዬ፣ እመጣለሁ» ትለኛለች። ስንት ዓመት እንዲህ እንደተባባልን እግዜር ይወቀው።

አስካለ ጉልበቷን ስለሚያማት ያን ሁሉ ሰዓት አውሮፕላን ላይ መቀመጥ አትችልም። እኔ ደግሞ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ የዓለምን ካርታ ሳስተምር ኖሬ ከአገሬ ወጥቼ አላውቅም። በር ላይ ስንሰነባበት ክንዴን ያዝ አድርጋ «ቁርጡን ከራሷ አፍ ሰምተህ ና» አለችኝ። «ትመጣለች ወይስ አትመጣም? ልወቀው።»

በመንገድ

እስከ አዳማ በሚኒባስ፣ ከአዳማ በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ቦሌ። የአውሮፕላኑን ነገር ብዙ አላወራም፤ ይቀመጧል፣ ይበሏል፣ እግር ያብጣል። ቺካጎ ስንደርስ ሻንጣዬን ያስከፈተኝ መኮንን የበሶውን ከረጢት አንስቶ ምንድን ነው አለኝ። ገብስ ተቆልቶ ተፈጭቶ ነው፣ በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል ብዬ በተቻለኝ እንግሊዝኛ አስረዳሁት። አሸተተው። ፊቱን አይቼ «ይቅመሱት» ብዬ ልጋብዘው ስል ዚፑን መልሶ ዘጋና በእጁ እለፍ አለኝ።

የመጨረሻው አውሮፕላን ዝቅ ሲል ምድሩ ሁሉ ነጭ ነበር። እዚህም እዚያም ክብ ክብ ሜዳ አየሁና ከጎኔ የተቀመጠውን ሰው ምንድን ናቸው ብዬ ብጠይቀው ሐይቆች ናቸው አለኝ። በአንዱ ላይ መኪና ቆሞበት በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ውኃ በብርድ ይጠጥራል እያልኩ ተማሪ ፊት ስቆም የኖርኩ ሰው፣ ነገሩን ያመንኩት ያን ዕለት ነው።

ማህሌት መውጫው በር ላይ ቆማ ነበር። አቅፋኝ ስታለቅስ ከግንባሯ በላይ ሽበት አየሁ። በስልክ ስንተያይ ይህ ሽበት አይታይም ነበር። ልጅ ብዬ የሸኘኋት ሽበት አውጥታ ተቀበለችኝ፤ እኔም ዕንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

ዉድበሪ

ቤታቸው ከሴንት ፖል በስተምሥራቅ ዉድበሪ በሚባል ሠፈር ነው። ሰፊ መንገድ፣ ተመሳሳይ ቤቶች፣ ትልልቅ ሱቆች አሉት፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን የለም። ባሏ ዳዊት፣ ፍሪድሊ በሚባል ሌላ ሠፈር ባለ የሕክምና ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ጭምት ልጅ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ለመኪናው በረዶ ሲጠርግ የኔን መውጫም አብሮ ይጠርግልኛል፤ የት እንደምሄድ እንጃ። የልጅ ልጄ ኤልዳና ስድስት ዓመቷ ነው። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። ሁሉም ነገር ይገባታል፤ እምቢ ያላት አፏ ብቻ ነው። ቆሎውን ግን ካልሲዬ ከነበረበት ቦታ እየዘገነች ጨረሰችው።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ማህሌትን ስጠብቅ ዋልኩ። ሺፍቷ አንዴ እንዲህ ነው አንዴ እንዲያ ነው። ስትመጣ ደክሟታል፤ «አባዬ፣ በላህ?» ትለኛለች፤ እኔም በላሁ እላታለሁ፤ ከዚያ ኤልዳናን ታጥባለች፣ ነገዋን ታሰናዳለች። ውቅያኖስ አቋርጬ መጥቼ እዚያው በአንድ ጣሪያ ሥር ትናፍቀኝ ጀመር። አንድ ቀን ይህንኑ ዳር ዳር እያልኩ ነገርኳት። «እንግዲያው ነገ ሥራ ቦታዬ ና፣ ምሳ አብረን እንበላለን» አለችኝ።

የቀዘቀዘው ሾርባ

ሥራዋ በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። እኔን ካፌቴሪያው ውስጥ በመስታወቱ በኩል አስቀምጣ ሁለት የዶሮ ሾርባ በዳቦ ገዛች። ገና ማንኪያ እንዳነሳን ስልኳ ጮኸ። አየችውና «መጣሁ አባዬ» ብላ ሄደች። እኔ ደግሞ ባህላችን አይደለ፣ እሷ ሳትበላ አልበላም ብዬ ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

ከመስታወቱ ባሻገር የድንገተኛው መግቢያ ይታያል። አንድ መኪና በሩ ላይ ቆመና አንድ አባት ልጁን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወጣ። በዚያ በረዶ ላይ የሚሮጠው በቤት ነጠላ ጫማ ነው። አንዱ ጫማ ከእግሩ ወለቀ፤ ዞር ብሎም አላየው። በሩ ተከፈተለትና ገባ። ጫማው በረዶው ላይ ቀረ። ሾርባው ረግቶ እስኪቀር ዓይኔን ከዚያ ጫማ ላይ መንቀል አልቻልኩም።

ማህሌት ብዙ ቆይታ ተመልሳ ይቅርታ ጠየቀችኝ። «ሾርባው እንደኔ ሲጠብቅሽ ቀዘቀዘ» አልኳት። ስትስቅ ደስ አለኝ፤ ሥራዋ ምን እንደሆነ ግን ያን ቀን ነው በደንብ የጠየቅኳት። ለካ እሷ መድኃኒት የምትሰጠው ነርስ አይደለችም። ምርምር ላይ ነው የምትሠራው። ልጆች ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ደረታቸው ሲር ሲር እያለ ይመጣሉ። የመጀመሪያው ሕክምና ወዲያው ይሰጣቸዋል። ከዚያ ሐኪሞች የሚጨምሯቸው ሁለት መድኃኒቶች አሉ። አንዱ ሐኪም ይህን ይመርጣል፣ ሌላው ያንን፤ የትኛው እንደሚሻል ግን በእርግጥ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ወላጅ ከፈቀደ ኮምፒውተር በዕጣ ለአንዱ ልጅ ይህን፣ ለሌላው ያንን ይመርጣል፤ ብዙ ልጆች ታክመው ሲታይ የሚሻለው ይታወቃል። ማህሌት በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ነው ወላጅን አስረድታ የምታስፈቅደው።

«በዕጣ?» አልኳት። «ልጅ ዕቁብ ነው እንዴ?»

«የእኛ ሰዎች ሁሉ ይህንኑ ነው የሚሉኝ» አለች። ቀጥላም እሑድ ሪችፊልድ በሚገኝ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለወላጆች ስለ ጥናቱ እንደምትናገር፣ በአማርኛ መለማመድ እንዳለባት ነገረችኝና የታመመ ልጅ አባት ሆኜ እንዳለማምዳት ጠየቀችኝ። ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ፊት ለፊቴ ልትቀመጥ ነው ብዬ በደስታ ተቀበልኩ።

ልምምድ

ከእራት በፊት ኤልዳና ሶፋው ላይ ተጋድማ የታመመች ሆነች። ሳሏን አጋነነችውና እናቷ ቀስ በይ አለቻት። ማህሌት የሥራ መታወቂያዋን አንጠልጥላ ወንበር ስባ ከኔ ዝቅ ብላ ተቀመጠች። ለምን ዝቅ እንዳለች ስጠይቃት ቆሞ የሚጠይቅ ሰው የሚያዝዝ ይመስላል አለችኝ። ከዚያ ረጋ ብላ ስለ ሁለቱ መድኃኒቶች፣ ስለ ዕጣው፣ ሊያመጡ ስለሚችሉት ችግር አስረዳችኝ፤ እምቢ ማለት እንደምችልም ነገረችኝ። ድምፅዋ ደስ ይላል። እኔም ድምፅዋን ብቻ እያዳመጥኩ ኖሮ፣ ስትጨርስ እንደ ወጉ «እሺ፣ እናንተ ታውቃላችሁ» አልኳት።

«ይህን አልቀበልም» አለች።

«እሺ አልኩሽ እኮ!»

«እሺ ያልከኝ እንዳላፍር ነው። አሁን የገባህን በራስህ አፍ ንገረኝ።»

አፌን ከፈትኩ። ሁለት መድኃኒት አለ አልኩ፤ አንደኛው አዲስ ነው አልኩ፤ ተሳሳትኩ፤ ሁለቱም ሐኪሞች ዘወትር የሚሰጧቸው ናቸው። እምቢ ብል ልጄ ምን እንደሚደረግለት ጠየቀችኝ፤ አላውቀውም። ኤልዳና ከሶፋው ላይ ሆና በእንግሊዝኛ መልሱን ነገረችኝ። መምህሩ በታማሚዋ ተበለጠ።

ማህሌት አልሳቀችብኝም። የእኛ ሰዎች ከሁሉ ቶሎ እሺ ይላሉ አለችኝ። ሐኪም ትልቅ ሰው ነው፣ ትልቅ ሰው ደግሞ እምቢ አይባልም። በማግስቱ ስትደውልላቸው ምን እንደፈቀዱ አያውቁትም። ስለዚህ የገባቸውን መልሰው ካልነገሯት፣ እምቢም ማለት እንደሚችሉ ካላመኑ፣ እሺታቸውን አትወስድም። ሰዓቱ ካለፈ ይለፍ፤ ልጁ እንደማንኛውም ልጅ ይታከማል እንጂ ጥናቱ ውስጥ አይገባም። በልቤ ምን ዓይነት ችኮ ሥራ ነው አልኩ። ደግሞም ኮራሁባት።

ሪችፊልድ፣ እሑድ

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ የወንጌላውያን አዳራሽ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። አስካለ እንዳትሰማ እያልኩ ገባሁ። ሻይና ሳምቡሳ አቀረቡልኝ፤ እንግዳ አቀባበላቸው ግሩም ነው። ከጸሎቱ በኋላ የቀሩት ወላጆች አብዛኞቹ ሾፌሮች፣ የአረጋውያን ተንከባካቢዎች፣ የሆስፒታል ሠራተኞች ነበሩ። ልጆቻቸው ከኋላ በእንግሊዝኛ ይንጫጫሉ።

ማህሌት የትኛው መድኃኒት እንደሚሻል አናውቅም ስትል አዳራሹ ቅር አለው። ሐኪም አላውቅም ካለ ማን ሊያውቅ ነው ዓይነት ጉርምርምታ ሆነ። ስለማናውቅ ነው የምንጠይቀው፣ ብናውቅማ ያለ ዕጣ የሚሻለውን እንሰጥ ነበር ብላ አስረዳቻቸው። ያኔ አንዲት እናት ተነሱ፤ ወይዘሮ አልማዝ ይባላሉ፤ ባለፈው ዓመት ልጃቸውን ድንገተኛ ክፍል ይዘው ገብተው ነበር።

«ልጄ አየር እያጠረው፣ ጋውን የለበሰ ሰው መጥቶ ሲጠይቀኝ እንዴት ብዬ ነው እምቢ የምለው?» አሉ። «ቢቀየመኝና ልጄን ችላ ቢልብኝስ?»

«ችላ አይልብዎትም» አለች ማህሌት። «ይህን እስኪያምኑኝ ድረስ እሺታዎትን አልወስደውም። ኑ፣ ዛሬ እምቢ ማለትን እንለማመድ። ሁላችሁም በአንድ ላይ፣ ‹አይሆንም፣ አልፈልግም› በሉኝ።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ሳቅ ሆነ። ያ ሁሉ ሰው፣ ሌላ ጊዜ መዘመር የማይቸግረው ሰው፣ ሁለት ቃል ማውጣት አቃተው። አንድ ሾፌር እጁን አወጣና «እስቲ እንጸልይበት» ሲል ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ማህሌትም እየሳቀች ይህ እሺ ነው ወይስ እምቢ ብትለው፣ ያው እምቢ ነው፣ በጨዋ ደንብ ነው አላት። እኔም በለሆሳስ አይሆንም ለማለት ሞክሬ አልወጣ አለኝ።

ሳቁ ሲበርድ ማህሌት እጆቿን እያየች ተናገረች። «እኔም አልችልበትም» አለች። «የምወደው ትልቅ ሰው ሲጠይቀኝ አይሆንም አይወጣኝም። እሺ እላለሁ። እሱ ደስ ብሎት ስልኩን ይዘጋል። እኔ እንቅልፍ አጣለሁ።»

የያዝኩትን ሻይ ማስቀመጫ አጣሁለት። ወደኔ አላየችም፤ ለወላጆቹ ምሳሌ እየሰጠች ነው፤ ግን በየእሑዱ ስልኩን ደስ ብሎት የሚዘጋው ሰው ማን እንደሆነ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አወቅኩ። ያ ሁሉ «እሺ አባዬ» አንድ በአንድ ጆሮዬ ላይ ተመልሶ መጣ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት አፌን ዘጋሁ። ለምን ብዬ እጠይቃለሁ? የድሮዋን እሺ ይዤ ብመለስ አስካለ ደስ ይላታል፤ ቁልፏም ኪሷ ውስጥ ይሰነብታል። ሁላችንም እንደለመድነው መኖር እንችላለን። ግን ማህሌት ሳህን ስታጥብ ከጎኗ ቆሜ ያን ሽበት አያለሁ። በኔ ጥያቄ ስንት ቀን ሳትተኛ አድራ ይሆን?

ሚሲሲፒ

ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ ፈቃድ ወሰደችና ምን ማየት ትፈልጋለህ አለችኝ። ሚሲሲፒን አልኳት። በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሰማያዊ ጠመኔ ስንት ጊዜ ስዬዋለሁ። መኪናዋን ነድታ በሴንት ፖል በኩል ወንዙ ዳር አቆመችው። ዳር ዳሩ በረዶ ሆኗል፤ መሐሉ ላይ ጥቁር ውኃ የበረዶ ቁርጥራጭ እየገፋ ይወርዳል። ብርዱ ስለማያስወጣ ማሞቂያውን እንደከፈትን መኪናው ውስጥ ተቀመጥን።

«ማሂ» አልኳት፣ «አንቺ እንደምትጠይቂው ልጠይቅሽ ነው።»

«እሺ አባዬ» አለች። ቃሉ ሲወጣ ሁለታችንም ሰማነው።

ወንበሬን ዝቅ ማድረግ ቢያቅተኝም ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። «እናትሽ ክፍሉን ቆልፋ ትጠብቅሻለች። ለመኖር ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም? እመጣለሁ ብትዪ ደስ ይለናል። አልመጣም ብትዪ ልጃችን ነሽ፤ ከኛ ዘንድ የሚጎድልብሽ ነገር የለም። እሺን ግን አልቀበልሽም። በራስሽ አፍ ንገሪኝ።»

መሪውን በሁለት እጇ ያዘች። ምነው ባልጠየቅኳት አልኩ። «ተዪው» ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር።

«ለመኖር አልመጣም አባዬ» አለች። «ቤቴ እዚህ ሆኗል። ኤልዳና እዚህ ናት። ሥራዬን እወደዋለሁ። ልነግራችሁ ስነሳ እማዬ ክፍሉን ስትጠርግ ይታየኛል፤ ከዚያ እሺ እላለሁ።» ዕንባዋ አገጯ ላይ ደረሰ።

ቁርጡን ፈልጌ መጣሁ፣ አገኘሁት። ወንዙን አየሁ። እሷ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና ዞር ብላ፣ ወላጆችን በምታይበት ዓይን አየችኝ።

«አሁን አንተ የገባህን ንገረኝ» አለች።

«ልጄ ለመኖር አትመጣም» አልኩ። «የማትመጣው ስላልወደደችን አይደለም። ቤቷ እዚህ ስለሆነ ነው። ይህን ለመናገር ስትፈራ ኖራለች፤ ከእንግዲህ አትፈራም። እናቷና እኔ...» እንደገና ጀመርኩ። «እናቷና እኔ እስክንሞት እንናፍቃታለን።»

«የመጨረሻውን እኔ አላልኩም» አለች፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም።

«እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት» አልኳት።

ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ አሳርፋ መስታወቱ በትንፋሻችን እስኪሸፈን ተቀመጥን። ከመጣሁ ጀምሮ ስልኳ ያልጮኸበት ሰዓት ይኸው ነበር።

አሰላ

ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ አስካለ በር ላይ ያዘችኝ። ነገርኳት። «በራሷ አፍ?» አለችኝ። በራሷ አፍ አልኳት። የመንገድ ዳሯ ክፍል ደጃፍ ላይ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እኔ ገብቼ ሻይ አፈላሁ፤ ቀጥኖብኝ ነበር፣ ቢሆንም ጠጣችልኝ። ሻንጣውን ስትፈታ ማህሌት የላከችላትን ወፍራም ካልሲዎች አገኘች። እሷው አድርጋቸው ዋለች፤ ጉልበቴን አሞቁልኝ ትላለች።

ጥቂት ቀን ቆይታ ቁልፉን ለአንዲት ፀጉር ሠሪ ሰጠች። ትንሿን አልጋ ለጤና ጣቢያው ሰጠን። ሲያወጧት አስካለ እስከ ማዞሪያው ድረስ እያነከሰች ተከተለቻት።

በሚቀጥለው እሑድ ማህሌት ደወለች። መቼ ትመጫለሽ የሚለው ጥያቄ ከምላሴ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። ስለ በረዶው ጠየቅኳት፤ ስለ ሺፍቷ ጠየቅኳት፤ ወይዘሮ አልማዝ እኔ ከተመለስኩ በኋላ በተደረገ ልምምድ አዳራሹ ውስጥ አይሆንም ማለት እንደቻሉ፣ ማንም እንዳልተቀየማቸው ነገረችኝ። ከዚያ እኔ ሳልጠይቃት በሐምሌ ኤልዳና ትምህርት ሲዘጋላት አብረው እንደሚመጡ፣ ቲኬቱም እንደተቆረጠ ነገረችን። «አንድ ወር ቆይተን እንመለሳለን» አለች። የምትመለሰው ወደዚያ ነው። አስካለ ሰማችው፤ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ዳሩ ግን ልጃችን ከሄደች ጀምሮ መምጫሽ መቼ ነው ሳንላት ቀን ስትነግረን ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ሁለታችንም አመንናት።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝን ቢጠይቁኝ፣ አይሆንም ማለት ያልተፈቀደለትን ሰው እሺታ ይዤ ብዙ ዓመት መቆየቴን ነው። ድሮ ስልኩ ሲዘጋ መቼ ትመጣ ይሆን እያልኩ ወሩን እቆጥር ነበር። አሁን የምቆጥረው የለኝም። ስልኩ ይዘጋል፣ ከመንገድ ዳሯ ክፍል የፀጉር ማድረቂያው ድምፅ ይሰማል፣ ልጄም ትናፍቀኛለች።